የመጀመሪያዋ ትርፌ ናት

በ1977 ዓ.ም. ከዋቅጅራ ጋር ሦስት ውድድር ሄጄ አንድም ኳስ አልመታሁም።

ጅማ ውስጥ ቡና እየለቀምኩ በምሠራበት ድርጅት የሠራተኞች ክበብ አንድ የፑል ጠረጴዛ ነበር። የቡና መፈልፈያው መካኒክ ዋቅጅራ የቡድናችን አምበል ነው። ከየቡድኑ ሦስት ሰው ይሰለፋል፤ ቀድሞ ሁለት ጨዋታ ያሸነፈ ውድድሩን ይወስዳል። እኔን ሁልጊዜ ሦስተኛ ያደርገኛል። እሱና ሌላው ተጫዋቻችን ዘርሁን ሁለቱን ያሸንፉና እኔ የኳስ መምቻ ስቴካዬን እንደያዝኩ ወደ ቤቴ!

አፈረብኝ አልኩ። እወደው ስለነበር ደግሞ ይበልጥ አመመኝ። ወደ በደሌ ለመዛወር ማመልከቻ ጻፍኩ።

የዋንጫው ቀን ወደ አጋሮ ስንሄድ ወረቀቱን እጄ ላይ አየው።

«ማል ታቴ ትርፌ? ምን ሆነሻል?»

«የዝውውር ማመልከቻ ነው። ሰኞ አስገባለሁ።»

«ለምን?»

«ከሚያፍርብኝ ሰው ጋር ምን እሠራለሁ?»

ፊቱን ወደ ቡናው ጫካ አዞረ።

«አንድ ለአንድ ከሆንን አንቺ ትጨርሺልናለሽ ብዬ እኮ ነው ያስቀመጥኩሽ» አለ። «ከሁላችንም ትበልጫለሽ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«የምታውቂ መስሎኝ።»

ወይ የወንድ ነገር! ሦስት ወር ሙሉ ስበግን እሱ መስሎታል።

አጋሮ ላይ ሳንቲም ተጣለ፤ ዕጣው ለእኛ ወጣ። ብልህ ሰው ዕጣ ሲወጣለት ተጋጣሚው ተጫዋቹን አስቀድሞ እንዲጠራ ያደርግና አይቶ መልስ ይሰጣል። ዋቅጅራ ግን «እኛ እንጠራለን» አለ። «የመጀመሪያዋ ትርፌ ናት።»

የክበባችን ሊቀመንበር ጓድ ሰብስቤ ከወንበራቸው ተነሡ። «በሴት ጀምረን ዋንጫውን ልናስረክብ ነው?» ባለፈው ሳምንት ስለ ሴቶች እኩልነት አንድ ሰዓት የተናገሩት እኚሁ ሰው ናቸው።

«የእርስዎን ንግግር አምኜ ነው፣ ጓድ» አለ ዋቅጅራ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

አጋሮዎች ተሸንፎ የማያውቀውን ሣህሉን ላኩብኝ። ዋቅጅራ አየኝ፤ ስቴካዬን አነሣሁ። ስምንት ዓመት ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው የለየሁ ሰው ነኝ። ኳሶቹን ስበትን ሁለት ገቡ። የቀሩትን እንደ ቡና አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። የመጨረሻዋ ጥቁሯ ኳስ ቀዳዳው አፍ ላይ ደርሳ አመነታች፤ ከዚያ ገባች።

አጋሮዎች ከድንጋጤያቸው ሳይወጡ ዘርሁን ሁለተኛውን ጨረሰ። በዚያ ቀን ስቴካውን እንደያዘ የቀረው ዋቅጅራ ነበር፤ እንደ እሱ ግን የጨፈረ አልነበረም።

ስንመለስ ዋንጫው በመካከላችን ተቀምጧል።

«ማመልከቻውስ?» አለኝ።

«አንድ ጥያቄ መልስልኝና። አባቴ ዘንድ ሽማግሌ ስትልክ ማንን ታስቀድማለህ?»

ትንሽ አሰበ። «ማንንም። መጀመሪያ አንቺን ነው የምጠይቀው። ታገቢኛለሽ?»

ማመልከቻውን ሰጠሁት። ጀርባው ባዶ ነበር፤ የሽማግሌዎቹን ስም እዚያው ላይ ጻፍን። ጓድ ሰብስቤን ሦስተኛ አደረግናቸው።