ደረቁ መቀመጫ

በሩን ገጠም አድርጉት፤ ዝናቡ እየገባ ነው። መብራቱን እንደሆነ አትጠብቁት፣ ዛሬ አይመጣም። ኩራዟ ትበቃናለች። በዚህ ዝናብ ከሻይ ቤቴ ማንንም አላስወጣም፤ ጠጋ ጠጋ በሉ።

አንተ ይርጋ፣ ከመጣህ ጀምሮ አሮጌው ሞዴል ይሻላል፣ የለም አዲሱ ይሻላል እያልክ ጆሮዬን አደነቆርከው። ሞተሩን ከሰው ገዝተህ፣ እደጅ አቁመህ፣ አሁንም ትከራከራለህ። እስቲ ዝም በልና ስማኝ። እኔ ስለ ሞተር አላውቅም። ስለ አንድ ሞተር ግን አውቃለሁ።

ነገሩ የድሮ ነው። የአገሩን ስም አልነግራችሁም፤ ሰዎቹ ዘመድ አላቸው። ሰዓቱ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። መንገዱ ጭር ያለ ነው። ቤት የለም፣ ውሻ አይጮህም። በዚያ መንገድ አንድ ሰው በሞተር ይመጣል። ብቻውን። ብቻውን ነው አልኩ እንዴ? እሱ እንደዚያ መስሎታል።

ስሙ አንዳርጌ ነው። ሚስቱ ስንዱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያ ልጃቸው የሞተባቸው መንገድ ላይ ነው፤ ስንዱን በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ ሳይደርሱ። ከዚያ ወዲህ አንዳርጌ እንቅልፍ የለውም። ይሄኛውን መንገድ ላይ አላስቀረውም ብሎ ማለ። ስለዚህ ሞተር ፈለገ። ተራ ሞተር አይደለም። ረጅም መንገድ የሚችለውን፣ የኋላ መቀመጫው ሰፊ፣ መደገፊያ ያለው፣ ምጥ የያዛት ሴት ተደግፋ የምትሄድበትን። ልብ በሉልኝ። ሞተሩን የፈለገው ለኋላው መቀመጫ ነው።

ማዶ ከተማ የሚሸጡ ሁለት ሞተሮች አሉ ሲሉት ሄደ። ቤቱ የሐዘን ቤት ሆኖ አገኘው። ድንኳኑ ፈርሷል፤ ፍራሹ ግን አልተነሳም። ቢያድግልኝ የሚባለው የሞተሮቹ ባለቤት ሞቶ፣ ሚስቱ የሺወርቅ ጥቁር ለብሳ መሬት ተቀምጣለች።

እንዲህ ያለ ቤት ሲገባ ምን ይደረጋል? ንገሩኝ እንጂ። ይቀመጣል። ነፍስ ይማር ይባላል። ለመሆኑ እንዴት ሆኖ ነው ተብሎ ይጠየቃል፤ ሐዘንተኛዋም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታወራለች። ለቅሶ የማይደርስ ሰው አለ? አንዳርጌ ግን አልተቀመጠም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ቸኩሎ ነው። ከተቀመጥኩ ይመሽብኛል፣ ስንዱ ብቻዋን ናት አለ በልቡ።

“ቁጭ በል እንጂ ወንድሜ” አለችው የሺወርቅ።

“ሌላ ቀን እቀመጣለሁ እህቴ። ሞተሮቹን ብቻ አሳዪኝ።”

 ተነስታ አሳየችው። ሁለት ናቸው፤ አንድ ዓይነት ሞተር፣ አንዱ የድሮ ሞዴል አንዱ የቅርብ። አሮጌው ቀለሙ ለቋል፤ በእግር እየተረገጠ ነው የሚነሳው፣ ሲነሳም ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። አዲሱ በጣት ተነክቶ ይነሳል። መብራቱ ሌሊቱን ቀን ያደርገዋል። የኋላ መቀመጫውማ አልጋ ነው። ጎኑ ላይ ትንሽ ጭረት አለችው፤ አንዳርጌ አያት፣ አለፋት።

የሺወርቅ እጇን አሮጌው ላይ አድርጋ፣ እሱን ውሰድ፣ ለቤተሰብ የሚሆነው እሱ ነው አለችው። አንዳርጌ ምን አሰበ? አሮጌውን ልታራግፍብኝ ነው አለ። እናንተስ ብትሆኑ እንዲያ አትሉም? ለምን ብሎ አልጠየቃትም። እሷም ላልጠየቃት ሰው ሐዘኗን አላወራችም። አዲሱን ይዞ ወጣ። ነፍስ ይማር እንኳ ሳይል።

እንግዲህ መንገድ ላይ ነው። ዝናብ ያዘው። ሞተሩን አቁሞ ዋንዛ ሥር ተጠለለ። ዝናቡ ወረደ፣ ወረደ፣ አባራ። ሲመለስ መሪው ረጥቧል። የፊቱ መቀመጫ ረጥቧል። የኋላው ግን ደረቅ ነው። በእጁ ዳሰሰው፤ ጠብታ የለበትም። ሰው ሲቀመጥበት ቆይቶ አሁን የተነሳ ይመስላል።

ጥሩ ቆዳ ነው አለ አንዳርጌ። ሳቀም አሉ። ተነስቶ ሲሄድ ግን ሞተሩ ከበደው። ዳገት ላይ ያቃስታል። ከኋላ ሰው የጫነ ይመስላል። ዞር ብሎ አየ። ማንም የለም። በስፖኪዮው አየ። ማንም የለም። ማንም ከሌለ ታዲያ ማጅራቱ ላይ የሚተነፍሰው ማነው?

ቤቱ ደረሰ። ውሻው ሮጦ ሊቀበለው መጣና መንገድ ላይ ቆመ። አንዳርጌን አላየም፤ ከአንዳርጌ ኋላ ያያል። እያለቀሰ ወደ ጓሮ ገባ። ስንዱ ሞተሩን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፈነችው። ጠዋት ከረጢቱ መሬት ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። አንተ ነህ ያነሳኸው አለችው። እኔ ነኝ አላት። ውሸቱን ነው፤ እንዳትፈራ ብሎ ነው።

ከዚያ ምጡ መጣ። መቼ ይመጣል? እንዲህ ባለ ሌሊት ነዋ። አንዳርጌ ሚስቱን አቅፎ የኋላው መቀመጫ ላይ አስቀመጣት። ያዢኝ አላት። ጉዞ ጀመሩ። ጤና ጣቢያው ከረጅሙ ቁልቁለት በታች ነው፤ ቁልቁለቱ መሃል ላይ መንገዱ በገደሉ አፍ ይታጠፋል።

ጥቂት እንደሄዱ ስንዱ፣ “አንዳርጌ፣ አልደርስብህም” አለችው።

“እጅሽን ዘርጊ። ወገቤን ያዢ።”

“ዘርግቻለሁ። መሃላችን የተቀመጠው ማነው?”

  አንዳርጌ ጀርባ ላይ ሌላ ጀርባ የሚያህል ቅዝቃዜ ተለጥፎበታል። ስንዱ ታለቅሳለች፤ ቀዝቃዛ ነው፣ አፈር አፈር ይሸታል ትላለች። የቁልቁለቱ አናት ላይ ሲደርሱ ሞተሩ በራሱ ጊዜ ጠፋ። መብራቱም ጠፋ። ጨለማው ዋጣቸው።

እዚያ ላይ ነው አንዳርጌ የገባው። የማን ሞተር ላይ እንዳለ ገባው፤ የማንን ቤት ረግጦ ሳይቀመጥ እንደወጣም ገባው። ወርዶ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ።  እንዲህ አለ፤

“ነፍስህን ይማር ወንድሜ። ቤትህ ገብቼ አልተቀመጥኩም። አሁን ተቀምጫለሁ። እንዴት ሆነህ ነው የሞትከው?”

ማን መለሰለት? ስንዱ መለሰችለት። አፉ የስንዱ ነው። ድምፁ የወንድ ነው።

“ከዚህ በታች ፍሬኑ አይይዝም። ሚስትህን አውርዳት።”

አንዳርጌ እጁን ሰዶ ፍሬኑን ጨበጠ። ሜዳው ላይ ሲይዝለት የኖረው ፍሬን ባዶ ሆነ፤ ምንም ሳይታገለው እስከ መጨረሻው ገባ። ስንዱን አውርዶ በጀርባው አዘላት። በእግሩ፣ በጭቃው፣ በጨለማው ቁልቁለቱን ጀመረ። ስንዱ በራሷ ድምፅ ታቃስታለች፤ ያ ማቃሰት ለሱ ደስታ ነበር።

መታጠፊያው ጋ ሳይደርሱ ከኋላቸው የጎማ ድምፅ ሰሙ። የሞተር ድምፅ አይደለም፤ የጎማ ብቻ። መንገዱን ለቀው ዳር ያዙ። ሞተሩ ሳይነሳ፣ መብራቱ ሳይበራ እየፈጠነ አለፋቸው። የፊቱ መቀመጫ ባዶ ነው። የኋላው ባዶ አልነበረም። ስንዱ አይታዋለች፤ ምን እንዳየች ግን እስክትሞት ለማንም አልተናገረችም። መታጠፊያው ላይ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ሄደ። ገደሉ ሲውጠው እንኳ ድምፅ አልሰማንም ብለዋል።

ልጁ በደህና ተወለደ። በነጋታው አንዳርጌ እግሩን ሳይታጠብ የሺወርቅ ቤት ሄዶ ፍራሹ ላይ ተቀመጠ። ነፍስ ይማር አለ፤ እንዴት ሆኖ ነው ብሎ ጠየቀ። እሷም አለቀሰች፤ እዚያ መታጠፊያ ላይ፣ በአዲሱ ሞተር፣ እሱ ገደል ገብቶ ሞተሩ ዳር ቀርቶ ብላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው። ሲመለስ አሮጌውን ይዞ ተመለሰ።

አሮጌው ይሻላል ማለቴ ግን አይደለም፣ ይርጋ። ሞዴሉን ተወው። ያንተው ሞተር የቀድሞ ባለቤት የት ሄዶ ነው የተሸጠልህ? አልጠየቅክም አይደል? ፊትህ ይናገራል።

ሰው በጨለማ ብቻችሁን አትሂዱ ይላል። እኔ የምላችሁ ሌላ ነው። ስትሄዱ ብቻችሁን መሆናችሁን እወቁ።

ዝናቡ ከመሸ ጀምሮ አላባራም። ሞተርህ ደጅ ነው፤ ጥላ የለውም፣ የሸፈነውም የለም። እንካ ኩራዟን። ውጣና የኋላውን መቀመጫ በእጅህ ዳስሰው። እርጥብ ከሆነ ተነስተህ በሰላም ቤትህ ግባ።

ደረቅ ከሆነ ግን ቁልፉን እዚያው ተውና ወደኛ ና፤ ቀስ ብለህ፣ ወደኋላህ ሳታይ።