እሾኻም አሳማ

ገነነን መጀመሪያ ያየሁት ፍኖተ ሰላም ውስጥ ለድንች አምራቾች ሥልጠና ስሰጥ ነው። ከቡሬ ገጠር መጥቶ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ዓይናችን ሲገጣጠም ቀድሜ ያቀረቀርኩት እኔ ነኝ።

ድንች ስለሚያጠፋው ጃርት ሳስረዳ የእንግሊዝኛ ስሙንም ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ ፖርኪዩፓይን። እጁን አወጣ።

«እህቴ፣ ቃሉ ከመነሻው “እሾኻም አሳማ” ማለት ነው አይደል?»

ስልሳ ሰው መልሴን ይጠብቃል። አላውቀውም። አላውቅም ማለት ደግሞ ሞት መሰለኝ።

«ወንድሜ፣ ጃርትና አሳማ ካልለየህ ድንችህን ማን እንደበላው በምን ታውቃለህ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ! እሱ እጁን አወረደ። ለሻይ ስንወጣ «አሳማው!» እያሉ ሲጠሩት ሰማሁ...

ቢሮ ገብቼ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ከጥንት ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ እሾኻም አሳማ። ሰውነቴ በኀፍረት ጋለ።

ሁለት ሳምንት ስፈራ ቆይቼ ቡሬ ሄድኩ። ማሳው ላይ ሲኮተኩት አገኘሁት።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁ። ልክ ነበርክ።»

«አውቃለሁ» አለኝ ቀና ሳይል። «ከአሥረኛ ክፍል ሳቋርጥ መምህሬ የሰጡኝ መዝገበ ቃላት አለኝ። ግን ለብቻዬ ነው የነገርሽኝ። የሳቁብኝ ስልሳ ናቸው።»

ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስኩ።

ሠልጣኞቹ ለሁለተኛው ዙር ሥልጠና ሲሰበሰቡ ከሁሉ በፊት ተናገርኩ።

«ገነነ ትክክል ነበር። አለማወቄን ልሸፍን ብዬ አዋረድኩት።»

ማንም አልሳቀም። ሽማግሌው አያ እጅጉ «የሳቅነውም አጥፍተናል ልጄ» አሉ።

ስወጣ ገነነ በሩ ላይ ቆሟል።

«ሰማሁሽ» አለኝ።

«አሁንም አፍራለሁ።»

«ያን ቀን እኮ... የጠየቅሁሽ ላናግርሽ ብዬ ነበር። ሌላ ሰበብ ጠፋኝ።»

እንባዬ ወረደ። ለካ ሰው ያሳቅሁበት ሊቀርበኝ ሲሞክር ነው!

«አሁንስ ልታናግረኝ ትፈልጋለህ?»

«ባልፈልግ መች እመጣ ነበር?»

በጥር ሽማግሌ ላከ። አባቴ ጠርተውኝ «ትምህርቱን ያቋረጠ ገበሬ ነው አሉ። ምኑን ወደድሽለት?» አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ይህን ሁሉ አድርገሽው ከፈለገሽ» አሉ በመጨረሻ፣ «ሐሳቡን ሳይቀይር አግቢው።»

ከፋሲካ በኋላ ተጋባን።