ጸበል የጠጣው ሞተር

አባቴ አቶ ትዕዛዙ ጀልባዋን ጣና ዳር ካለ ሆቴል በጨረታ ሲገዛ ምን እንደገዛ አያውቅም ነበር። እኔም አላውቅም። ለካስ ሀብታም ሰው በገመድ እየተጎተተ ውሃ ላይ እንዲንሸራተት የተሠራች የቅንጦት ጀልባ ናት። ገመዱ የሚታሰርበት የብረት ምሰሶ ዛሬም መሃሏ ላይ ቆሟል። እኛ ፍየል እናስርበታለን።

ከጎጃሟ ዲማ ቁልቁል ሦስት ሰዓት በእግር ወርዳችሁ ዓባይ ስትደርሱ መሻገሪያችንን ታገኙታላችሁ። ማዶው ወሎ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ ሲረጋ ገበያተኛውን፣ ለቅሶ ደራሹን፣ ሙሽራውን ከነሚዜዎቹ የምናሻግር እኛ ነን። አባቴ መሪውን ይይዛል፤ እኔ፣ ልጁ እስከዳር፣ ሰውና ጭነት አመጣጥናለሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱም ጀልባውም የሁለታችን ነው።

ያ ሞተር ግን ጠዋት ጠዋት አልነሳ ይላል። አባቴ በየማለዳው ሽፋኑን ይከፍትና በሃይላንድ ጠርሙስ ካስቀመጠው ጸበል ሦስት ጊዜ በሥላሴ ስም ይረጨዋል። ከዚያ ቁልፉን ያዞራል። ሞተሩ ያጉረመርምና ዝም። «ሰይጣን ነው የያዘው» ብሎ እንደገና ይረጨዋል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትበረታ ይነሳል። «አያችሁ፣ ጸበሉ ሠራ» ይላል። እኔም ተሳፋሪውም አሜን እንላለን።

በኅዳር አንድ ቀን አሥራ አንድ ሰው ጭነን መሃል ወንዝ ላይ ስንደርስ አባቴ አዞ አየ። ደነገጠና ጠርሙሱን ሙሉ ሞተሩ ላይ ገለበጠው። ሞተሩ ወዲያው ጠፋ። ውሃው ወደ ቋጥኙ ይዞን ሲነጉድ የወሎ ሰዎች ገመድ ባይወረውሩልን ኖሮ ዛሬ ይህን የምነግራችሁ አልነበርኩም። በማግስቱ አባቴ፣ ሳይወድ በግዱ፣ ከደብረ ማርቆስ መካኒክ አስጠራ።

የመጣው አምደሚካኤል ነው። የመሣሪያ ሳጥኑን በትከሻው ተሸክሞ ያንን ሁሉ ቁልቁለት በእግሩ የወረደ ቀጭን ሰው። ልጅነቱን ዲማ የቆሎ ተማሪ ሆኖ አሳልፎ፣ ኋላ ሙያ ተምሮ ጋራዥ የገባ ነው። እኔ መካኒክ ሲባል የሚጮህና የሚሳደብ ይመስለኝ ነበር።

«ሲጠፋ እንዴት አድርጎ ነው የሚጠፋው?» አለኝ።

«እንደ ሻማ።»

«ነፋስ እንደመታው ሻማ ወይስ እንዳለቀ ሻማ?»

«መካኒኩ አንተ፣ የምትጠይቀው እኔን።»

ሳቀ። ሲስቅ ዓይኑን መሬት ላይ ይጥላል፤ የቆሎ ተማሪ ዓይን አፋርነት አልለቀቀውም። እኔም ስቄ ነበር፤ ብዙ ጊዜ የማልስቅ ሰው ነኝ።

ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን አንዱን ካንዴላ ነቀለና ከብረት አስጠግቶ ይዞ ቁልፉን አዙሪ አለኝ። አዞርኩ። ብልጭታ የለም። ሌላውን ሞከረ፤ እሱም የለም። ከዚያ እሳቱን ለአራቱም ካንዴላ የሚያከፋፍለውን ዕቃ ክዳን በካቻቢቴ ፈልቅቆ ገለበጠው። ከውስጡ ውሃ ፈሰሰ።

ክዳኑን ወደ ፀሐይ አንስቶ አየው። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ነበረችበት። «ይህ ውሃ ከላይ ነው የገባው» አለ ቀስ ብሎ። «ማን ነው ሞተር ላይ ውሃ የሚያፈሰው?»

ነገርኩት። አልሳቀም። ዞሮ አባቴን አየው፤ አባቴ ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጦ ዳዊቱን ይደግም ነበር።

«ልንገራቸው እንዴ?»

«ብትነግረው ሳጥንህን አሸክሞ ያባርርሃል። ያ ጠርሙስ ለሱ ከመሪው ይበልጣል።»

«እና ምን ላድርግ?»

«እሱ ይርጭ። አንተ ውሃ የማይገድለው ነገር ሥራልኝ።»

ትንሽ አሰበና «ይቻላል» አለ።

የሚተካው ዕቃ እስኪገኝ ሁለት ሳምንት ይፈጅ ነበር። እስከዚያ ሰው እንዳይጉላላ አንድ ዘዴ አስተማረኝ። አባቴ ረጭቶ ዞር ሲል ክዳኑን የያዙትን ሁለት መቆንጠጫዎች ማላቀቅ፣ ክዳኑን ማንሳት፣ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ እየተነካኩ እሳት የሚያስነሱትን ሁለት ትንንሽ ብረቶችም ማድረቅ፣ መልሶ መግጠም። ጨርቅ በእጄ ስላልነበረ የነጠላዬን ጫፍ ያዝኩ። እጄን በእጁ ይዞ እየመራ ሦስት ጊዜ አሠራኝ። ሁለተኛው ላይ ገብቶኝ ነበር፤ ሦስተኛውን እንዳይለቀኝ ብዬ ነው ያጠፋሁት።

ሲመለስ በላስቲክ የታሸገች ትንሽ ኤሌክትሮኒክ ዕቃ ይዞ መጣ። እንደ ድሮው የሚነካካ ብረት የላትም፤ ውሃ አይገባትም። ክዳኑን ቀየረ፣ ሽቦዎቹን በሙሉ አዲስ አደረገ። አባቴ አሮጌውን ዕቃ ከነስንጥቅ ክዳኑ በጆንያ ጠቅልሎ አስቀመጠ፤ እሱ የሚጥለው ነገር የለም። ከዚያ ጠርሙሱን አነሳና እንደ ልማዱ ረጨው። ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አፍታም ሳይቆይ ተነሳ።

«ዛሬስ ጸበሉ ፈጠነ» አለ አባቴ።

«አዎ፣ ጋሽ ትዕዛዙ» አለ አምደሚካኤል። ከእኔ በቀር ያየው የለም፤ ከንፈሩን ነክሶ ነበር። ሥራውን ለሌላ ሰው አሳልፎ የሚሰጥ ወንድ አይቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ወደድኩት።

ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ የለም። ድምፁን ለመስማት በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ሰዓት ዳገት ወጥቼ አፋፉ ላይ እቀመጥ ነበር። እሱ ስለ ጋራዡ ያወራል፣ እኔ ዛሬ ስንት ፍየል እንዳሻገርን እነግረዋለሁ። በጥር ሽማግሌ ላከ። መሪያቸው በልጅነቱ ያስተማሩት መምሬ ገዳሙ ነበሩ። አባቴ እንደ ደንቡ እሺም እንቢም ሳይል ቀጠሮ ሰጣቸው። ወግ ነውና ደስ አለኝ።

ያበላሸሁት እኔው ነኝ። ቀጠሮው ሳይደርስ አንድ ቀን ተሳፋሪ ሞልተን ስንሻገር ሰው ሁሉ ሞተሩን አደነቀ። አባቴ ሳቀና «ካቻቢቴ ይዞ የመጣው ገልቱ እኔ አስነሳሁት ብሎ ልጄን ሊወስድ ያምረዋል» አለ። ሰው አብሮት ሳቀ። ደሜ ፈላ።

«ሞተሩን ሲገድለው የኖረው የአንተ ጸበል ነው» አልኩት። «አምደሚካኤል ነው ያዳነው። እንዳታፍር ብሎ ደበቀልህ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ።  አባቴ ማዶ እስክንደርስ አላየኝም፤ ውሃውን ነበር የሚያየው።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው ሲመጡ አባቴ ቆሞ ጠበቃቸው።

«ልጁ ጸበሌን ሰድቧል።»

«ትዕዛዙ» አሉት መምሬ ገዳሙ፣ «ጸበል ለሰው ነው እንጂ ለብረት አይደለም። ልጁ እውነቱን ነው።»

ይህ ደግሞ ባሰበት። ቄሱም ከፈረዱበት ምን ቀረው። «እንግዲያ እንወራረድ» አለ። «የቅዳሜ ዕለት፣ በገበያተኛው ፊት፣ የድሮውን ዕቃ ይመልስበት። ጸበል እረጭበታለሁ። አልነሳም ካለ ልጄን መርቄ እሰጠዋለሁ። ከተነሳ ግን በዚህ ቁልቁለት ዳግም እንዳይወርድ።»

አምደሚካኤል ተስማማ። ምን ያስፈራዋል? አፋፉ ላይ ሆኜ ስደውልለት «ቅዳሜ የኔ ነሽ» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ጥርጣሬ አልነበረም፤ እኔም እንደ ሙሽራ ልቤ እየዘለለ ነው የወረድኩት።

ቅዳሜ ዳርና ዳሩ በሰው ተሞላ። አምደሚካኤል አዲሱን ዕቃ ፈትቶ አሮጌውን ከነስንጥቅ ክዳኑ ገጠመ። አባቴ ለቀኑ ያጠበውን ኮቱን ለብሶ መጣ። ሦስት ጊዜ በሥላሴ ስም ረጨ። ወጣቶቹ ስልካቸውን ደግነውበት ነበር። አንዱ «አያ ጸበሌ፣ ወደዚህ ዙር» አለውና ተሳሳቁ። አባቴ የሚያከብሩት መስሎት ዞረላቸው፣ ኮቱንም አስተካከለ።

ቁልፉ ከመዞሩ በፊት መምሬ ገዳሙ ሰውን ለጸሎት አስነሱት። ሰው ሁሉ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ምሥራቅ ዞረ። አባቴም ወደ ዳር ወርዶ ነበር፤ ጀልባዋ ላይ ብቻዬን ከጥላ ሸራዋ ሥር ቀረሁ።

ምክንያት ፈልጌ አላጣም። ካሸነፈ ቁጣው ይበርዳል፣ በኋላ ይሰጠኛል ብዬ ነው ብላችሁ ታምኑኝ ይሆናል። ውሸት ነው። ውርርዱን አውቄዋለሁ፣ አባቴንም አውቀዋለሁ። ያን አሮጌ ሰው አገር ሲስቅበት ማየት አልቻልኩም፤ ሌላ የለውም። አቡነ ዘበሰማያት ሳያልቅ ሁለቱን መቆንጠጫዎች አላቀቅኩ፣ በነጠላዬ ጫፍ ውስጡን ጠረግኩ፣ መልሼ ገጠምኩ።

አባቴ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተነሳ።

እልልታው በሁለቱም ዳር ቀለጠ። አምደሚካኤል ሞተሩን አየ። ከዚያ እኔን አየ። ከዚያ የጠቆረውን የነጠላዬን ጫፍ አየና እዚያው ላይ ቆየ። አንድ ቃል ቢናገር፣ ጣቱን ቢቀስር፣ ይበቃው ነበር። እኔም እንዲናገር ፈለግኩ፤ እንዳይናገርም ፈለግኩ።

«ተሳስቻለሁ፣ ጋሽ ትዕዛዙ» አለ። «ጸበሉ ነው።»

ሳጥኑን ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ። ወጣቶቹ እየቀረፁ ተከተሉት።

አንድ ወር ሙሉ ደወልኩ። አንድ ቀን አነሳው።

«ለምን እንደሆነ ልንገርህ» አልኩት።

«አትንገሪኝ። ለአባትሽ ማድላትሽ አልከፋኝም። ያስተማርኩሽን ይዘሽ ስለመጣሽብኝ ነው።»

«ና ውሰደኝ። አሁን እጠፋለሁ።»

የጋራዡ መዶሻ ይሰማኝ ነበር። «እሳቸው ላይ ጨክነሽ ብትመጪ ያን ቀን ነበር» አለና ዘጋው።

ቪዲዮው እስከ ይጁቤ፣ እስከ አምበር ከተማ ደረሰ። ጸበል የሚያስነሳውን ሞተር ሊያይ ሰው ይመጣ ጀመር። አምደሚካኤልን ደንበኞቹ «ጸበል የረታው» እያሉ ሲያላግጡበት ያንን ጋራዥ ለቀቀ። ኋላ የራሱን ከፍቶ አገባ፤ ሴት ልጅም ወልዷል አሉ። አዲሷን ዕቃ አባቴ በዚያው ቀን ዓባይ ውስጥ ወርውሯት ነበር።

ስለዚህ በየማለዳው አባቴ ረጭቶ ዞር ሲል እጠርጋለሁ። ስድስት ዓመት። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መጣልኝ፤ ሁለቱንም መለስኩ። እኔ ከሄድኩ ጀልባዋ በሳምንቱ ትቆማለች፣ አባቴም አገር ፊት ይዋረዳል። አንዴ የገዛሁለትን ክብር ዕድሜ ልኬን መጠበቅ አለብኝ።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ አባቴ አልጋ ያዘ። በማግስቱ ጠዋት ፊቱን ሳጥበው እጄን ያዘኝ።

«ያን ቅዳሜ» አለ። «ጸሎቱ ላይ ዓይኔን ገልጬ ነበር።»

እርጥቡን ፎጣ እንደያዝኩ ቆምኩ።

«አየሁሽ። ስትጠርጊ።»

«ካየህ ለምን አልተናገርክም?»

«እኔን መረጥሽ። ደስ አለኝ።»

«አባባ፣ እኔ እኮ ስድስት ዓመት እንዳታይ ብዬ ተደብቄ ነው...»

«አውቃለሁ። እንዲመችሽ ብዬ አይደል በየጠዋቱ ፊቴን የማዞርልሽ?»

ይቅር በይኝ አላለም። ውለታ የዋለልኝ መስሎት ነበር፤ ፊቱ ላይ ያየሁት እሱን ነው። የሚጠጣ ውሃ ለመነኝ፤ ሰጠሁት፣ አንገቱን ደግፌ አጠጣሁት።

ከታች ተሻጋሪ ይጣራ ነበር። ወረድኩ። ያን ቀን የሚረጭ ሰው አልነበረም፤ ሞተሩ ቁልፉን እንደነካሁት ተነሳ።