ሦስት አራት ነጥብ

ካፖርቱን ከነኪሱ አስረከበች።

የልብስ ንጽህና ቤቱ ባለቤት ቀና ብሎም አላያት።

«ለመቼ ይድረስ?»

«ለሐሙስ።»

«እድፉ ከባድ ነው?»

«እጅጌው ላይ ብቻ።»

ይለፍ ቃሉ ተሟላ። ሰውየው ካፖርቱን ይዞ ከመጋረጃው ኋላ ገባ። ኪሱ ውስጥ ጥፍር የምታክል ፍላሽ አለች፤ ፍላሿ ውስጥ የአምስት ሺህ ሰው ስምና አድራሻ።

የምስጢር ስሟ «ምስጥ» ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ «አደባባይ» በተባለ የኢንተርኔት መወያያ ውስጥ አወያይ ሆና ኖራለች። ስድብ ትሰርዛለች፣ ጠበኞችን ትገላግላለች፣ አልሰማ ያለውን ታግዳለች። የስለላ መሥሪያ ቤቷ የላካት ግን ለሌላ ነበር። «ጎረቤት» የሚባል አባል የከተማው ውሃ መበከሉን የሚያሳይ የቤተ ሙከራ ሰነድ ለጥፏል። ማንነቱ ይታወቅ ተባለ።

«እሱን ብቻ ነው የምንፈልገው፤ ለዚያውም ለጥያቄ» ብሏት ነበር «አጎት» እየተባለ የሚጠራው አለቃዋ። «ሌላው አይነካም።»

ቢሆንም ፍላሿን ቆልፋታለች። የመክፈቻው ስልሳ ፊደል ጫማዋ ውስጥ ባለች ብጣሽ ወረቀት ላይ ነው።

አውቶቡስ ስትጠብቅ ስልኳ ነዘረ። አጎት ሁልጊዜ ይደውል ነበር እንጂ ጽፎላት አያውቅም። ዛሬ ቸኩሏል።

«መክፈቻውን አሁንኑ ላኪ።።።»

ሦስት አራት ነጥብ።

መልእክቱን ደግማ አነበበች።

አወያይ ሰውን በአጻጻፉ ይለያል። ባለፈው ወር አንድ አባል «የውሃ ሠራተኞቹን ከነቤታቸው አሁንኑ አቃጥሉ።።።» ብሎ ጽፎ ነበር። አራት ጊዜ ሰረዘችው። አራት ጊዜ በሌላ ስም ተመለሰ። ያው «አሁንኑ»፣ ያው ሦስት አራት ነጥብ።

ድምፅ መቅጃውን ከፍታ ደወለች።

«አቃጥሉ እያሉ የሚጽፉት እርስዎ ነዎት።»

አጎት አልካደም። «መወያያውን ለመዝጋት ምክንያት ያስፈልግ ነበር። አንቺ ደግሞ እየሰረዝሽ አስቸገርሽን።»

«አምስት ሺው ሰውስ?»

«አባል የሆነ ሁሉ ተባባሪ ነው። መክፈቻውን ላኪ።»

ዘጋችበት። ወረቀቷን ከጫማዋ አወጣች፣ አኝካ ዋጠቻት።

የ«አደባባይ» መሥራች፣ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል ይኖራል። አባላቱ ጋሼ መነጽር ይሉታል። በሩን ሲከፍት ፊቱ በራ።

«ጋሼ፣ እኔ ሰላይ ነኝ።»

ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ሳቁን ዋጠው። ቆማ ሁሉንም ነገረችው።

«ታምሜ ሳለሁ ሦስት ሌሊት አጠገቤ ያደርሽውስ? እሱም ሥራ ነበር?»

«እሱ ሥራ አልነበረም።»

«በምን ልመንሽ?»

ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። የአባላቱ መዝገብ የሚሰረዘው በሁለት ሰው የይለፍ ቃል ነው፤ ግማሹን እሷ፣ ግማሹን እሱ ይዘዋል። የራሷን ጻፈች። እሱ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ከዚያ የራሱን ጨመረ።

መዝገቡ ጠፋ።

ቀጥላ የሰረዘቻቸውን አራት ጽሑፎችና የአጎትን ድምፅ በመወያያው ላይ አወጣች። ሰው አይቶ ይፍረድ።

ታች የመኪና በር ተዘጋ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

«በጓሮ ደረጃ አለ፣ ይነሡ!»

«ለምን እሸሻለሁ? መዝገቡ ጠፍቷል። ማንን ያውቃሉ?»

ወደ ወለሉ አየች።

«የማንን ስም ሰጠሻቸው?»

«የአንድ ሰው ብቻ። መጀመሪያ የገባሁ ሰሞን።»

«የማን?»

«የእርስዎን።»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው። መልሶ አላጠለቀውም። ሊያያት አልፈለገም።

«ሂጂ» አለ።

የጓሮውን ደረጃ ስትወርድ በሩ ሲሰበር ሰማች።

አራት ወር አለፈ፤ «ጎረቤት» አልተያዘም፤ የውሃው ጉዳይ ፍርድ ቤት ቀረበ። አጎት በጤና ምክንያት ሥራ ለቀቀ ተባለ። ጋሼ መነጽር ግን አልተፈታም። አባላቱ «አደባባይ»ን በሌላ አድራሻ ከፍተው ስለ እሷ ይከራከሩ ነበር። ግማሹ ያመሰግናታል፣ ግማሹ ይረግማታል።

በሌላ ከተማ፣ በአንድ የቀለም መሸጫ ውስጥ፣ ገበያ ቀዝቀዝ ባለበት ሰዓት ክርክሩን በስልኳ አነበበችው። የምትለው ነበራት። መጻፊያውን ነካችው።

«ስምዎን ያስገቡ» አላት።

ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል። የትኛውን ስሟን ትጻፍ?

«እህት፣ ነጭ ቀለም አለ?» አለ አንድ ደንበኛ ከበሩ።

«አለ» አለች፤ ስልኩን ዘግታ ተነሣች።