እየሰማ የተኛው

ፋርማሲስቷ የማትንቀው ገዢ አልነበረም። «ያቺን ቢጫዋን ክኒን ስጪኝ» የሚላትን ትንቃለች። የጎረቤቱን መድኃኒት ተውሶ ውጦ፣ ሲብስበት የሚመጣውን ደግሞ የባሰ ትንቃለች። መርፌ ካልተወጋሁ ብሎ የሚጨቀጭቀውንማ ተዉት። አትሳደብም፤ ከመነጽሯ በላይ ታየዋለች፣ ያ ይበቃዋል።

ሶፋ ሠሪው የመጣ ቀን ባንኮኒው ፊት ቆሞ ሰባት ጊዜ አከታትሎ አነጠሰ። ሸሚዙ የስፖንጅ ፍርፋሪ ለብሷል። የአለርጂ ክኒን ሰጠችው። ተቀብሎ አልሄደም።

«ይኼ ነገር ሰውነቴ ውስጥ ገብቶ ምንድን ነው የሚሠራው?»

በስድስት ዓመት ሥራዋ ይህን የጠየቃት አልነበረም። ለመናቅ ተዘጋጅታ ነበር፤ የሚናቅ ነገር ጠፋባት።

«ሰውነትህ ውስጥ ሂስታሚን የሚባል ነገር አለ። እንደ ጅል ዘበኛ ቁጠረው። አቧራ ባየ ቁጥር ሌባ ገባ ብሎ ይጮኻል። ጩኸቱን ሰምቶ አፍንጫህ ውኃ ያፈሳል፣ ዓይንህ ያሳክካል።»

«ክኒኑ ዘበኛውን ያባርርልኛል?»

«አያባርረውም። የሰሚዎቹን ጆሮ ነው የሚደፍነው። እሱ ይጮኻል፣ የሚሰማው የለም።»

«ምስኪን ዘበኛ!» አለ። ሳታስበው ሳቀች።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ።

«ዛሬስ ምንህን ነው የሚያምህ?»

«ምንም።»

«ታዲያ?»

«ጤነኛ ሰው መግባት ክልክል ነው እንዴ?»

በተዋወቁ በስምንተኛው ወር ከአባቷ ጋር ልታስተዋውቀው ወሰደችው። አባቷ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ ንቀቱን ያወረሷት እሳቸው ናቸው። ቤታቸው ውስጥ ድመት ስላለ ክኒን ያስፈልገው ነበር። የለመደው ዓይነት አልቆ ስለነበር የድሮውን ዓይነት ሰጠችው። የድሮው ክኒን ጭንቅላት ድረስ ዘልቆ ይገባል፤ እዚያ ደግሞ ሰውን የሚያነቃው ያው የዘበኛው ጩኸት ነው። ያስተኛል ብላ ለማንም ትናገራለች። ለሱ ግን በጥድፊያ ረሳችው።

አባቷ የአርባ ዓመት አገልግሎታቸውን ታሪክ ገና ሩቡን ሳያወሩ፣ እንግዳውን ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰደው።

«ሶፋ ሠሪ ሶፋ ካየ መች ይችላል!» አሉ አባቷ እየሳቁ። «ይኼ እጁን እንጂ ጭንቅላቱን የሚያሠራም አይመስለኝ። አንቺ ተሳስተሽ አታውቂም ልጄ፤ በዚህም አትሳሳቺ።»

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታውቃለች። ቃሉ ምላሷ ላይ ደረሰ፤ ተሳስተሽ አታውቂም መባሉ ግን ጣፈጣትና ዋጠችው።

በማግስቱ መድኃኒት ቤቱ መጣ።

«ይቅርታ» አለችው ቶሎ ብላ፤ «የሚያስተኛውን ነው የሰጠሁህ።»

«እሱን ተይው። ዓይኔ አልገለጥ አለኝ እንጂ ጆሮዬ አልተኛም። አባትሽ አላስቀየሙኝም፤ አያውቁኝም። እኔ የአንቺን ድምፅ ነበር የምጠብቀው።»

ይህን ብሎ ወጣ።

ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስትንቅ ኖራ፣ የሚናቀው ሰው ነጭ ጋውን ለብሶ ባንኮኒው ጀርባ እንደሚውል ያን ቀን አየች። ጋውኑን ወረወረችው። በጠራራ ፀሐይ ሱቁን ቆልፋ ሮጠች፤ መንታ መንገዱ ላይ ደረሰችበት።

«ና፣ አብረን እንሂድ» አለችው።

አባቷ ሁለቱን ሲያዩ ከመቀመጫቸው አልተነሡም።

«አባባ፣ ያስተኛሁት እኔ ነኝ። ያስተኛል ሳልለው መድኃኒት ሰጠሁት፤ ተሳስቻለሁ። ሲሰድቡት ደግሞ እያወቅሁ ዝም አልኩ። እሱ ሁሉን ሰምቷል።»

«ለሶፋ ሠሪ ብለሽ ራስሽን ታዋርጃለሽ?»

«ሰው ሳዋርድ ነው የኖርኩት፤ ተራዬ ደርሶ ነው። እወደዋለሁ አባባ።»

ሽማግሌው ወደሱ ዞሩ። «አንተስ፣ ሁሉን ከሰማህ ምነው ዝም አልክ?»

«ምላሴም ተኝቶ ነበር፣ ጋሼ።»

የአባቷ ከንፈር ለሳቅ ሊፈታ ብሎ ተመለሰ። አባት ወለሉን ያያሉ፣ ልጅ አባቷን ታያለች፣ እሱ በሩን ያያል። ዛሬ ክኒን አልዋጠም ነበርና ቤቱን በሚያናጋ ድምፅ አነጠሰ።

«ይማርህ» አሉ አባቷ።

ቃሉ አምልጧቸው ነው፤ ሊመልሱት እንደፈለጉ ፊታቸው ላይ ታየ።

«ያኑርዎት፣ ጋሼ» አለ ሶፋ ሠሪው፣ ዓይኑን እየጠረገ።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በሉ ቁጭ በሉ» አሉ፤ «ቆማችሁ ልታድሩ ነው?»