የፈንታነሽ አጥሚት

ፈንታነሽ አያሌው መደቡ ላይ ተጋድማለች። ሳቋ ከወንዝ ማዶ ይሰማ የነበረ ሴት፣ ዛሬ ዝንብ እንኳ አታባርርም። አጠገቧ አባቷ አባባ አያሌው ተቀምጠዋል፤ የሚያንቀጠቅጣቸው በሽታ እጃቸውን ወንፊት እንደያዘ ሰው ያርገፈግፈዋል። በሩ ላይ የወንድሟ ሚስት ማሬ ሕፃን አዝላ፣ እጇን በገመድ ታስራ ቆማለች።

ከደብረ ታቦር የተጠራችው ኢንስፔክተር ዘቢባ የጫማዋን ጭቃ ጠርጋ ገባች።

«ማን አሰራት?»

«እኔ ነኝ ያሳሰርኳት!» አሉ አባባ አያሌው። «አጥሚት ሠርታ ሰጠቻት። ልጄ አስመለሳት፣ ወደቀች፣ በዚያው ቀረች። መርዝ ነው!»

«ለምን ትገድላታለች?»

«ትጸየፋታላ! ልጄ ሥጋ ደዌ ታማ ድና ነበር። ይቺ ግን ዋንጫዋን ለይታ ነው የምታስቀምጥ።»

ማሬ አንገቷን ደፋች። «ዋንጫውንስ ለይቻለሁ፤ ፈርቼ ነው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። መርዝ ግን በልጄ እምላለሁ አልሰጠሁም። ባሌ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ሄዷል። እኔ እስር ቤት ስገባ ይኼን ሕፃን ማን ያጠባዋል?»

ዘቢባ ሰው ሲጮህ ማየት እንጂ መጮህ አትወድም። «የተረፈውን አጥሚት ማን ጠጣው?»

«አባባ ናቸዋ! ሰሞኑን እኮ ድስቱን ራሱን መብላት ነው የቀራቸው» አለች ማሬ።

«ራበኝ፣ ምን ላድርግ!» አሉ አዛውንቱ ተቆጥተው።

«ታዲያ አልሞቱማ» አለች ዘቢባ በቀስታ።

ፊታቸውን አየችው። እንደ ድፎ ነፍቷል፤ ክንዳቸው ግን ጭራሮ ነው። ነጠላውን ገለጥ አድርጋ ሟችን አየች። ጉንጯ ጎድጉዷል።

«ሁልጊዜም እንዲህ ከሲታ ነበረች?»

«ኧረ ክረምቱን ፊቷ ተነፍቶ ነበር!» አለች ማሬ። «የመድኃኒቱ ነው ትል ነበር። ከመስከረም ወዲህ ነው የሟሸሸችው።»

ዘቢባ ጤና ጣቢያ ወርዳ ጤና መኮንኑን ሙሉቀንን አገኘችው።

«ደዌው ከዳነ ምን ልታደርግላት መድኃኒት ትሰጣታለህ?»

«ጀርሙ ሞቷል። በደሟ ያሉት ወታደሮች፣ ነጭ የደም ሴሎቿ፣ ግን ጠላት ከሞተም በኋላ መተኮሱን አላቆሙም። ነርቯን ያሳብጡባታል። ክኒኑ ያበርዳቸዋል፤ ፊት ማሳበጡና ማስራቡ ነው እንጂ ክፋቱ።»

«ስለ አባቷስ ጠይቃህ ታውቃለች?»

«አዎ። አንዲት ፕሮቲን አለች፤ አንጎል ውስጥ ስትበላሽ ከሚያንቀጠቅጠው በሽታ ጋር ትያያዛለች። እነዚያን ወታደሮችም እሷው ሳትቆሰቁስ አትቀርም ይላሉ፤ ገና እየተጠና ነው። ይኼን ብነግራት በደስታ ዘለለች። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።»

«ክኒኑ በድንገት ቢቆምስ?»

«አያድርስ! ማስመለስ፣ መዛል፣ ከዚያ ሞት። ግን በየወሩ መጥታ ትወስድ ነበር እኮ።»

ዘቢባ ሙሉቀንን አስነሳችው። ይዛው ወደ ሟች ቤት ተመለሰች።

ግቢው ውስጥ ሁሉም ተሰበሰቡ። «አባባ፣ ለብቻዎ ልንገርዎት?»

«እዚሁ ተናገሪ! ገዳይዋን ሰው ሁሉ ይወቅልኝ!»

ዘቢባ ተነፈሰች። «ሆስፒታሉም ያጣራዋል፤ ግን መርዝ አይደለም፤ ከዚያው አጥሚት ጠጥተው እርስዎ አሉ። ፈንታነሽ ፊት የሚያሳብጥና የሚያስርብ ክኒን ነበራት። ከመስከረም ወዲህ ግን ፊቷ ከሳ፤ አልዋጠችውም ማለት ነው። ክኒኑን ደግሞ በየወሩ ተቀብላለች። ታዲያ ማን ዋጠው? እዚህ ቤት ፊቱ የተነፋ፣ ረኃብ የጠናበት ማን ነው?»

ሁሉም ወደ አንድ ሰው ዞረ።

«ጠዋት ጠዋት ትሰጠኝ ነበር» አሉ አባባ አያሌው። «ለመንቀጥቀጡ ነው፣ አባዬ፣ እያለች።»

«የእሷም የእርስዎም ሕመም ከአንዲት ፕሮቲን ነው ሲባል፣ የእኔ መድኃኒት አባቴንም ያድናል አለች። መጀመሪያ አካፈለች፤ በኋላ ሁሉንም ሰጠች። ማንም አልገደላትም» አለች ዘቢባ።

አዛውንቱ ወደ ሙሉቀን ዞሩ። «ለመንቀጥቀጡ ይሠራል?»

«አይሠራም፣ አባባ።»

የማሬ ገመድ ተፈታ። አባባ አያሌው ልጃቸው ያስያዘቻቸውን የክኒን ፌስታል ከመቀነታቸው አውጥተው መሬት ላይ ወረወሩ፤ ክኒኖቹ ተበተኑ።

«አይጣሉ!» ሙሉቀን ጮኸ። «እርስዎም በአንዴ ካቆሙ እንደ እሷ ነው። ቀስ በቀስ ነው የምንቀንሰው። የዛሬውን አሁኑኑ ይዋጡ።»

«የልጄን ነፍስ ልዋጥ?»

ማሬ አንዲት ክኒን አንስታ በቀሚሷ ጠረገች። የአዛውንቱ እጅ መንቀጥቀጥ ክኒኑን አላስይዝ አላቸው።

«አፍዎን ይክፈቱ፣ አባባ።»

ምላሳቸው ላይ አደረገችላቸው፤ ውኃም አስጎነጨቻቸው። ዋጡና ቀና ብለው አዩዋት።

«ነገም አለ?»

«ነገም አለ» አለች ማሬ።