ኖራ የተቀባው ጓዳ

ከማሉዲን እንዲያው ምን ቆርጦት ነው ቤት ገማች የሆነው! ደርግ ትርፍ ቤት በወረሰ ማግስት ከደሴ ቆቦ ተመደበ፤ በሦስተኛው ወር ኡሙሃኒን ወደደ። ወደዳት ማለት እንኳ ያንሳል፣ አበደላት። እሷም ወዳዋለች። አባቷ ሼህ ዘይኑዲን ሽማግሌ ሊቀበሉ ለጁምዓ ቀን ሰጥተው ነበር።

በዚያው ሳምንት ጎርፍ የገባባቸው ቤቶች እንዲገመቱ፣ የማይረቡት እንዲፈርሱ ታዘዘ። ሐሙስ ጠዋት ተራው የሼሁ ቤት ሆነ።

በሩን የከፈተችለት ኡሙሃኒ ናት። ጓዳው ትናንት ኖራ ተቀብቷል፤ ነጭ፣ ጽድት ያለ። እሷ ግን ትስላለች፤ ትንፋሿ ያፏጫል። ከማሉዲን ኖራውን በጥፍሩ ጫር አደረገው። ከሥሩ ጥቁር ሻጋታ ብቅ አለ፤ ግድግዳው እስከ ወገብ ርሷል።

«ሻጋታውን በደረቁ ፋቅሽው እንዴ?»

«በመጥረጊያ።»

«በር ዘግተሽ?»

«ቀበሌ እንዳያይ ነዋ።»

«ያረቢ! የማሽላ ማከማቻ ጉድጓድ ሲከፈት ሳይናፈስ አትወርዱም። ሻጋታ ያለበት ጓዳም ያው ነው፤ መጀመሪያ በርና መስኮት ይከፈታል፣ አፍንጫ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል እንጂ!»

«ጉድጓዱን የሚነጥቀን የለም» አለችው። «ከማሉ፣ ደህና ነው ብለህ ጻፍ። ቤቱ ከፈረሰ አባቴ ላንተ አይድረኝም።»

«እዚህ ከተኛሽ ትሞቺብኛለሽ።»

«ያለ አንተስ ልኖር ነው?»

ዓይኗን አየው። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ «ለመኖሪያ አይሆንም፤ ይፍረስ» ብሎ ጻፈ። ኡሙሃኒ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ልጄ ብዬ ባስገባሁህ ቤቴን አፈረስክብኝ» አሉት ሼሁ፣ ትእዛዙ ሲነገራቸው። «ወላሂ፣ ልጄን ዓይኗን አታይም!»

ጁምዓ ሽማግሌ የተቀበለ የለም። ቤተሰቡ ዋጃ፣ አጎቷ ዘንድ ሄደ። ከማሉዲን እህል አልቀምስ ብሎ ሰነበተ። ሁለት ጊዜ ዋጃ ድረስ ሄዶ በር ላይ መለሱት።

በዓመቱ ወዳጁ፣ ሹፌሩ አብዱሰመድ፣ ከዋጃ መጣ።

«አግብታለች» አለው።

«ጤናዋስ?»

«ሳሉ የለ፣ ምን የለ! ገበያ ላይ ማሽላ ተሸክማ ስትስቅ ነው ያገኘኋት።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ። ከልቡ ነው ያለው፤ እንባው ግን አላዳመጠውም።

«ቆቦ ያ ቤት ገማች አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።»

«ምን አልካት?»

አብዱሰመድ ፊቱን አዞረ። «ባሏ አጠገቧ ነበር። አላውቀውም አልኳት።»